የሳተው ጠመንጃው ነው

ወንድ ልጅ ሲመታ እጁ ነው፤ ሲስት ጠመንጃው ነው። ይህን ደንብ ማን እንደደነገገው አላውቅም፤ ከቦሩ ሜዳ እስከ ኮምቦልቻ ግን ሲሻር አላየሁም።

በበዓል ሰሞን ደሴ ላይ መንገድ ዳር ፊኛ ጣውላ ላይ ለጥፎ በአየር ጠመንጃ የሚያስተኩስ ልጅ አይጠፋም። ቆም ብላችሁ እዩልኝ። አንድ ጎረምሳ ከእጮኛው ጋር ይመጣል። ጃኬቱን አውልቆ ለእሷ ያስይዛል፤ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትንፋሹን ውጦ ይተኩሳል። ፊኛው እንዳለ ነው። ጎረምሳው ጠመንጃውን ያነሳና ገልበጥ አድርጎ ይመረምረዋል፤ ራሱን ይነቀንቃል። «ማነጣጠሪያው ወደ ግራ ተጣሟል» ይላል። ባለ ጠመንጃው ልጅ ብዙ ያየ ነውና፣ «እንግዲያው ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘው ወንድሜ» ይለዋል። ወደ ቀኝ ይይዛል፤ ይስታል። «አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ተጣመመ!» ከኋላ የተሰለፉት በሐዘኔታ አንገታቸውን ይወዘውዛሉ፤ ማንም ግን ከሰልፉ አይወጣም። በመጨረሻ ማስቲካ የምትሸጥ አንዲት ልጅ እንደ ቀልድ ተቀብላ ትተኩሳለች፤ ፊኛው ጧ! «ዕድል ነው» ይባላል። ያን ጊዜ ጠመንጃው ደህና ነው ብሎ የሚመሰክር አንድ ሰው አይገኝም።

ይኸው ደንብ ባሕር ተሻግሮም እንደሚሠራ ያወቅሁት የአክስቴ ልጅ ከዴንቨር ለአንዷ እህቱ ሠርግ ሲመጣ ነው። የአክስቴ ቤት ቦሩ ሜዳ፣ ከሆስፒታሉ ወዲያ ነው። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ስኒ የሚያዘው ግማሹ ለመጠጣት፣ ግማሹ እጅ ለማሞቅ ነው። ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ አቦሉ ተቀድቷል። ልጁ ስለ ሥራው ተጠየቀ፣ መለሰ። ስለ ጤናው ተጠየቀ፣ መለሰ። ስለ ትዳር ሲጠየቅ ሳል ያዘው። ወሬ ለመቀየር ይመስለኛል፣ «ጠመንጃ ገዛሁ» አለ።

ቤቱ ጭጭ አለ። አክስቴ ጀበናውን አስቀመጠች።

«ምን ሆነህ? ማን ነካህ? ደም አለብህ እንዴ ልጄ?»

«ኧረ እማዬ! ለስፖርት ነው። ሸክላ ለመስበር።»

«ሸክላ ለመስበር?» አለች፣ ጀበናዋን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ። «ለሸክላማ ምን ጠመንጃ አስፈለገህ? የእህትህን ልጆች እልክልህ አልነበር? በባዶ እጃቸው ነው የሚጨርሱት።»

ልጁ ነገሩን ያስረዳ ጀመር። ሸክላ ይባል እንጂ የኛ ዓይነት ሸክላ አይደለም። የስኒ ማስቀመጫ የምታክል ዝርግ ነገር ናት፤ ወርዷ 11 ሳንቲ ሜትር፣ ከተፈጨ የኖራ ድንጋይና ከቅጥራን የምትሠራ። ማሽን ወደ ሰማይ ያስፈነጥራታል፤ ተኳሹ ሳታርፍ በአየር ላይ ይበታትናታል። አንድ ዙር 25 ናት። ኦሎምፒክ ላይ ሳይቀር ሜዳሊያ ያሸልማል። ሁላችንም በአድናቆት አፋችንን ከፍተን ስንሰማ አክስቴ ብቻ፣ «ስብርባሪውንስ ማን ነው የሚጠርገው?» አለች። ልጁ ዴንቨር ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው ገጥሞት አያውቅም።

የባሰው የመጣው ከሸክላዋ በፊት ምን ይተኮስ እንደነበር ሲነግረን ነው። እርግብ! እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ላይ በተደረገው ውድድር ነፍስ ያላት እርግብ እየተለቀቀች ነበር የሚተኮስባት፤ ሌዮን ደ ሉንደን የሚባል ቤልጅጋዊ 21 ጥሎ አሸነፈ። ቄሱ ጎረቤታችን ስኒያቸውን አስቀመጡ። «መንፈስ ቅዱስ በዮርዳኖስ በአምሳሏ የወረደውን?» ሼሁ ጎረቤታችንም አስቀመጡ። «አጃኢብ! በዋሻው አፍ ጎጆዋን ሠርታ ነቢዩን የከለለችውን?» በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በዚሁ ሜዳ ሊቃውንቱን ሰብስበው ሲያከራክሩ፣ ስምምነት የተገኘው በንጉሥ ትእዛዝ ነበር። በእርግቧ ጉዳይ ግን ቦሩ ሜዳ ያለ ማንም አስገዳጅ ባንድ ቃል ቆመ።

እርግቦቹን የገላገላቸው ጆርጅ ሊጎውስኪ የሚባል የሲንሲናቲ ሰው ነው። የኛ ጉባኤ በተደረገ በሁለት ዓመቱ ግድም ከእውነተኛ ጭቃ የተጋገረ ኢላማ ሠርቶ አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ግን ከመጠንከራቸው የተነሳ ሲመቱ ይጮኻሉ እንጂ አይሰበሩም ነበር ይባላል። ለአንድ አፍታ እንኳ የዓለም ተኳሾች ሁሉ ከጠመንጃቸው ታርቀው ነበር ማለት ነው፤ የሚወቀስ ሸክላ ተገኝቷላ።

ከዚያ ስልኩ መዞር ጀመረ፤ ጠመንጃው አብሮት ስላልመጣ የምናየው ፎቶውን ነው። የመሣሪያ ነገር ሲነሳ በሰፈሩ ቃላቸው የማይታለፍ አዛውንት አሉን፤ ከአባታቸው የወረሱት ቤልጅግ ግድግዳቸው ላይ አለ። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሉ። አፈሙዙን በቁም ሊያዩት ስልኩን ዘወር ሲያደርጉ ፎቶው አብሮ ዞረ። ሲመልሱት ተመለሰ። ጥቂት ታገሉትና፣ «ይሄ መሣሪያ አይታመንም» ብለው ፈረዱ።

«ስንት ይጎርሳል?»

«ሁለት፣ አባባ።»

«ሁለት ካዝና?»

«ሁለት ጥይት።»

አዛውንቱ ወደ አክስቴ ዞሩ። «አንቺ፣ ልጅሽ በሁለት ጥይት ነው አሜሪካን አገር የሚኖረው?»

ልጁ አልተበገረም። ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን ሳይሆኑ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረቡ ናቸው አለ፤ ዓይን የሚከተለው አንድ መስመር ብቻ ስለሚሆን የምትበር ነገር ለመከተል ይመቻል። ለመጉረስ እማጠፊያው ላይ ጎንበስ ይላል፣ ሁለቱም አፍ ባንዴ ይከፈታል። አዛውንቱ ቀዝቀዝ ብለው፣ «ማነጣጠሪያውስ?» አሉ። ከጫፉ ላይ ካለች ፍሬ በቀር የለውም። «ታዲያ በምን ታልማለህ?» «በዓይኔ።» «ኧረ በል! እኛስ በምናችን ኖሯል?» ነገሩ ግን እውነት ነው፤ እንዲህ ባለ ጠመንጃ ላይ የኋላው ማነጣጠሪያ የተኳሹ ዓይን ራሱ ነው። ለዚህ ነው ሰደፉ ከጉንጭና ከትከሻ ጋር ልክ መግጠም ያለበት። ካልገጠመ ዓይን ከፍ ወይ ዝቅ ይላል፣ እርሳሱም ዓይንን ተከትሎ ይሄዳል። አያችሁ? ይህ ስፖርት ስህተቱን ለጠመንጃው ለማላከክ ሳይንሳዊ ማስረጃ አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው።

«ስፋቱስ?» «12።» «12 ምን?» እዚህ ላይ ልጁ ራሱ ላብ አጠመቀው። ኋላ እንደገባኝ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድብልብል ቢወጣ፣ አንዱ ድብልብል የሚያህለው ስፋት ነው። የድሮ ስሌት ነው፤ ዛሬም ድረስ ማንም አልቀየረውም። አዛውንቱ ለትንሽ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። «በፈረሱላ ስንት ይሆናል?» አሉ። ልጁ ሁለተኛውን ስኒ ጠየቀ።

ነገሩ ወደ ቤልጅግ ሲዞር ግን ፊታቸው በራ። እንዲህ ያለውን ተደራራቢ ጠመንጃ በዓለም ያስለመደው ጆን ብራውኒንግ የሚባለው አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 የሞተውም እዚያው ሥራው ላይ፣ ቤልጅግ አገር ሊዬዥ አጠገብ፣ ሄርስታል ባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የጀመረውን ልጁ ጨረሰለት። አባቶቻችን ቤልጅግ እያሉ ያወደሱት ጠመንጃም የዚያው የሄርስታል ፋብሪካ ልጅ ነው። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «የኔው ወንድም ነው በለኛ!» ስልኩን እንደገና ተቀበሉ፤ አሁን በሁለት እጃቸው። ወሎዬ ዘመድ ቆጥሮ አይጠግብም፤ በጠመንጃም ቢሆን።

«ወንድሙስ ነው፣ አባባ» አለ ልጁ ቀስ ብሎ፣ «የኔው ግን የቱርክ ነው።»

ስልኩ በአንድ እጅ ተመለሰ። እኛ ሴቶቹ ግን ነቃ አልን። ቱርክ ጠመንጃ ትሠራለች? በቃና ቴሌቪዥን ድራማ እንባችንን ስታፈሰው የኖረች አገር ከለቅሶ ሌላ የምትልከው ያላት አይመስለንም ነበር። ኮንያ በሚባለው ግዛት፣ ቤይሸሂር አጠገብ፣ መንደሩ ባንድ ላይ ጠመንጃ የሚሠራበት ሁግሉ የሚባል ቦታ አለ አለን፤ ርካሽ ፈላጊ ተኳሽ ሁሉ የዚያን አካባቢ ሥራ ነው የሚገዛው። የወንድሙ ሚስት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ለዚህ ነው ለካ በየድራማው የሚታኮሱት፤ ዕቃው ቤታቸው ነዋ» አለች።

ቀጥሎ ዋጋ መጣ። 600 ዶላር። እንደሱ ላለው ጠመንጃ ይህ ርካሽ ነው፤ የብራውኒንጉ ዘመዶች ከ2,000 ዶላር ጀምረው ሽቅብ ይሄዳሉ፣ መጨረሻቸውን ማየት አንገት ያማል። ግን 600 ዶላር በኛ ስንት ነው? አንዱ በባንክ አሰላ። አንዱ በጎን ገበያ አሰላ። አንዱ ከሐምሌ 2016 በፊት በነበረው ዋጋ አስልቶ «ያን ያህልም አይደል» አለና ሁሉም በአዘኔታ አዩት። አዛውንቱ ወደ በሬ ለወጡት። አንዷ ጎረቤታችን ወደ ወርቅ ለወጠችው። ሁሉም የየራሱን ቁጥር ይዞ ሲከራከር ቡናው ቶና ደረሰ፤ በአቦል የነበረው ዋጋ በቶና ላይ ጨምሮ ተገኘ።

ገዝቶ የጨረሰ ሰው የአገር ምክር ይወርድበታል። ሳይገዛ ቢሆን ማንም ትንፍሽ አይልም ነበር። «ምነው ሳታማክረኝ?» የሚል ተነሳ። «አታለሉህ» የሚል ተነሳ። ከኮምቦልቻ ወዲያ ረግጦ የማያውቅ አጎታችን፣ «ብትነግረኝ እኮ በግማሽ አስመጣልህ ነበር» አለ፤ ከየት እንደሆነ የጠየቀው ግን የለም፤ ደግነቱ። አዛውንቱ የጠመንጃውን ዕድሜ ጠየቁ፤ በሰኞ ገበያ በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን እንደሚያዩት ማለት ነው። እኔ ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ዝም ማለት ነውር መሰለኝና፣ «ሰደፉ ጠቆር ያለ እንጨት ቢሆን ያምር ነበር» አልኩ። የሚገርማችሁ ልጁ ከሁሉም ምክር በስልኩ ላይ የጻፈው የኔን ነው።

በርካሽ ጠመንጃ ነገር መንደሩ ይህን ያህል ሊቅ መሆኑ አያስደንቀኝም፤ የቆየ ታሪክ አለን። አርቱር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፤ ሐረር ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤት አለ። ገና በሃያ ዓመቱ ግድም ግጥሙን ጣል አድርጎ ኋላ ንግድ የገባ ሰው ነው። ዘመናቸው ካለፈ አርባ ዓመት የሞላቸውን የአውሮፓ ጠመንጃዎች ያዘ፤ ሊዬዥ ውስጥ ሰባት ስምንት ፍራንክ የሚያወጡትን ለሸዋው ንጉሥ በአርባ ፍራንክ እሸጣለሁ ብሎ ለቤተሰቡ ጻፈ። ሁለት ሺህ ያህሉን ከታጁራ በግመል ጭኖ በረሃ ለበረሃ ተንከራተተ፤ ሽርካው ላባቱ ግን ዕቃው ሸዋ ሳይደርስ ሞተ። በ1879 ሸዋ ሲደርስ ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ይዘው መመለሳቸው ነበር። እንጦጦ የገቡት ከግብፆች በተገኘ መለከት እየተነፋላቸው፣ ሁለት የክሩፕ መድፍ በሰው ሸክም አስይዘው ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ክሩፕ ለያዘ ሰው ያን አሮጌ ጠመንጃ ልትሸጥለት ስትቆም!

ምኒልክ ዕቃውን አዩ። ያዙት። የላባቱን ዕዳ ከሒሳቡ ላይ ቀነሱ። የላባቱ አበዳሪ ነኝ ባይ ሁሉ ደጃፍ ላይ ተሰለፈ። የተረፈውን ደግሞ «ሐረር ሄደህ ከገዥው ከመኮንን ተቀበል» ብለው ወረቀት ሰጡት። ፈረንጁ በኢትዮጵያዊ ላይ በርካሽ ጠመንጃ ሊከብር መጥቶ ራሱ «ከሰርኩ» እያለ ወጣ። ግጥም ከተወ ቆየ እንጂ ያን ለት ጥሩ ሙሾ ይወጣው ነበር። ይህን ለአጎታችን ብነግረው፣ «አየሽ? በግማሽ አስመጣ ነበር ስል ማንም አይሰማኝም» አለኝ።

ደግሞ ርካሽ ጠመንጃ ብቻውን አይመጣም። ልጁ በመጀመሪያው ወር ከጠመንጃው ጋር ምን እንደገዛ ሲዘረዝር ተዉት፤ አንድ ሣጥን ጥይት 25 ነው፣ ለአንድ ዙር ያልቃል። የጆሮ መድፈኛ። የዓይን መነጽር፣ ቢጫ። ሰደሪያ ባለ ኪስ። የጠመንጃ ቦርሳ። መቆለፊያ ሣጥን። የአባልነት ክፍያ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጠለቁ የተለያየ ጥበት ያላቸው ቀለበቶች፤ እርሳሱ በሰፊው ወይም በጠባቡ እንዲበተን። ሸክላዋን ሲስት ቀለበቱን ለወጠ። ሲስት ወደ ነበረበት መለሰው። ሲስት የሰደፉን ጎማ ለወጠ። ሲስት ጥይቱን ለወጠ። ሲስት ክለቡን ለወጠ። መተኮስ የሚያስተምር ሽማግሌ እዚያው ክለብ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለሰዓት በጥቂት ዶላር ያስተምራል አለን። «ታዲያ እሱ ምን አለህ?» ስንለው ልጁ ተገርሞ አየን። «እሱማ ይወደዳል።»

እውነት ለመናገር ከኛዎቹ ይሻላል። ልጁ ቢያንስ ይተኩሳል። እኛ ዘንድ ጠመንጃ የገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ቢተኩስ ነው፤ አንዴ ሲገዛው ሊፈትነው፣ አንዴ በሠርግ ላይ። ጥይቱ ውድ ነዋ! ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ለበዓል ይወለወላል፤ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ሳይታወቅበት በፊቱ ደጋግሞ ያልፋል፣ እስኪጠየቅ። ዝናሩ የሚታጠቀው ሙሉ ሆኖ ነው፤ ግማሹ ቀለህ ቢሆንም ከሩቅ ማን ያውቃል። በሠርግም ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ባለ ጠመንጃው ሁሉ ሽቅብ ነው የሚለቀው። ሰማይ ሰፊ ነው፣ ማንም አይስተውም። በሠርግ ላይ ጠመንጃው ተወቅሶ የማያውቀው ለዚህ ይሆናል። የሚወቀሰው ቆርቆሮው ነው፤ በክረምት፣ ሲያፈስ።

ይህም ቢሆን ድሮ ቀረ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እዚህ ሜዳ ላይ ጧ ካለ «ሠርግ ነው» ብሎ ፈገግ የሚል የለም፤ ልጆቹ ሳይቀሩ መጀመሪያ የሚያዩት አልጋ ሥር ነው። አክስቴ ይህ ሁሉ ወሬ ሲካሄድ ዝም ብላ ስታስብ ቆይታ ልጇን ጠየቀችው።

«ይሄ ያንተ ጠመንጃ በሰው ላይ አይተኮስም?»

«ሰው ወዳለበት ማዞር እዚያ ክለብ ውስጥ ባንዴ ያስባርራል፣ እማዬ። ሸክላ ላይ ብቻ።»

«እንግዲያውስ ለሁሉም ይታደል» አለች። «ሸክላውን እኛ እናዋጣለን።»

ይህቺ ቃል ጎረምሶቹን አነሳሳቻቸው። ቦሩ ሜዳ እኮ ሜዳ ነው! ይህን የመሰለ ዝርግ አገር፣ ሰማዩ ክፍት፤ ምን ጎደለው? የቦሩ ሜዳ የሸክላ ተኩስ ክለብ እዚያው፣ ቡናው ቶና ሳለ ተመሠረተ። ሊቀመንበር ተመረጠ። ጸሐፊ ተመረጠ። ማኅተም ይቀረጽ ተባለ። የማኅተሙ መካከል ላይ ጠመንጃ ይሁን ወይስ ጀበና በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጠ። ኦዲተር ተመረጠ፤ የሚመረምረው ገንዘብ ስለሌለ ሥራው እንዳይከብደው ምክትል ተጨመረለት። ስለ አበል ጥያቄ ሲነሳ መለያየት ታየ። እስከዚያ ድረስ ስለ ጠመንጃው ማንም አላነሳም።

ያነሳው የወረዳ ሠራተኛ የሆነው አንዱ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ አላቸው፤ ያለ ፈቃድ ከውጭ ማስገባትም መያዝም ወንጀል ነው፤ ለስፖርት ነው ብሎ በሻንጣ ይዞ መምጣት አይቻልም። ክለቡ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ሊቀመንበሩ ግን ሰው ነው። «እንግዲያው ለጊዜው በድንጋይ እንጀምር» አለ። የእህቱ ልጆች ይህን ሲሰሙ ከጓዳ ወጥተው ተመዘገቡ፤ ክለቡ ልምድ ያለው ተጫዋች ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ቡናው በረካ ደረሰ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሊነሱ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«ለመሆኑ አንተ ልጅ፣ ከ25ቱ ሸክላ ስንቱን ትሰብራለህ?»

ልጁ ስኒውን ማየት ጀመረ። «አስራ አንድ።»

«የቀሩትስ?»

«እዚያ ነፋስ አለ፣ አባባ። ሸክላዋን ይወስዳታል። ደግሞ ይሄኛው ጠመንጃ ርካሹ ነው እኮ፤ ምላጩ ትንሽ ይከብዳል። አሁን ሌላ እያየሁ ነው፣ ትንሽ ወደድ ያለ…»

«ጠመንጃ ከምትለውጥ» አለች አክስቴ፣ የመጨረሻውን ስኒ እያቀበለችው፣ «ነፋስ የሌለበት ሜዳ ብትገዛ አይረክስህም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ስልኩን አውጥቶ የመሬት ዋጋ መፈለግ ጀመረ።